በሐዋሳ ሰማይን በፊልም ማንሳት፦ ወቅትን፣ ጨረቃንና አየርን አስቀድሞ ስለማቀድ

ዲጂታል ካሜራ የያዘ ሰው ሌሊት ላይ ቢሳሳት ስህተቱን እዚያው አይቶ ይደግማል። በፊልም የሚሠራ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ የቆየው ሻተር (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ) ምን እንደያዘ የሚያውቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጨረቃዋ ሞልታለች፣ አንዳንዴም ዝናቡ ገብቷል፤ ቀጣዩ ዕድል የሚመጣው ከወር፣ ሲከፋም ከዓመት በኋላ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ከቤት ሳይወጡ፣ በወረቀትና በእርሳስ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሐዋሳና በአካባቢዋ ለሚኖር፣ ሻተሩን ከፍቶ ማቆየት የሚችል ካሜራና የማይነቃነቅ ትራይፖድ ላለው ሰው ሲሆን፣ ወሩን ከመምረጥ ተነሥቶ ፊልሙ ለእጥበት እስከሚሰጥበት ድረስ ባለው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ሰማዩ እኛ ጋ እንዴት እንደሚዞር

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዕቅዱ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ቁጥር ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሚሆን፣ በእኛ ሰማይ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል። እጅን ዘርግቶ ጡጫን አድማሱ ላይ ቢያስቀምጡ ጡጫው 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍን፣ ኮከቡ ከጡጫው ጀርባ ተሸፍኖ ይቀራል። አውሮፓ ውስጥ የሚዘጋጁ መመሪያዎች አብዝተው የሚያሳዩት በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ሙሉ ቀለበት የሚሠራ የከዋክብት ፈለግ (ከዋክብቱ ሲዞሩ ፊልሙ ላይ የሚተዉት መስመር) እኛ ዘንድ የለም፤ ቀለበቱን አድማሱ ይቆርጠዋል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥቅል ፊልሞች ያባከንኩት ይህን ሳላውቅ ካሜራዬን ወደ ሰሜን አዙሬ ነበር።

በምትኩ የእኛ የሆነ ሌላ መልክ አለ። በሐይቁ ዳር ቆሞ ሰፊ ሌንስን በቀጥታ ወደ ምዕራብ ያቀና ሰው፣ መሀል ላይ ያሉት ከዋክብት ወደ ቀኝ ጥቂት ብቻ አዘንብለው በቀጥታ ወደ ውሃው ሲወርዱ፣ በግራ ያሉት ወደ ደቡብ፣ በቀኝ ያሉት ወደ ሰሜን ሲጎብጡ ፊልሙ ላይ ያገኛቸዋል። ጠቅላላ ቅርጹ መሀል ወገቡ እንደጠበበ የመሶብ እግር ነው። ከዚህም ሌላ የደቡቡ ሰማይ ክፍት ነው፦ የደቡብ መስቀል እስከ 23 ዲግሪ፣ የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ደግሞ እስከ 54 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ የኦሪዮን ቀበቶም በአናታችን አጠገብ ያልፋል።

ዓመቱን መከፋፈል

አስቸጋሪው እውነት ይህ ነው፦ የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል እኩለ ሌሊት ላይ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው በሰኔ አጋማሽ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ በደመና ተዘግቷል። ስለዚህ የሚበጀው፣ ማዕከሉ በጠራ ሰማይ ላይ በሚታይባቸው በሁለቱ የዓመቱ ዳርቻዎች ላይ ማነጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ዳርቻ የጥቅምት ምሽት ነው። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ስለሚሄድ አየሩ በዓመቱ ውስጥ እጅግ ጥርት የሚልበት ጊዜ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ትጠልቃለች፣ ሙሉ ጨለማ ከ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል በደቡብ ምዕራብ በኩል 30 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፣ 3 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላም ይጠልቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል የማይሞላ ዕድል ነው፤ በየቀኑም በ4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይጠልቃልና ኅዳር ሲጋመስ ጨርሶ ያበቃል።

ሁለተኛው ዳርቻ የየካቲት ሌሊት ነው፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው። በየካቲት አጋማሽ ማዕከሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል ይወጣል፣ ጎሕ እስከሚቀድበት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስም ሦስት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በዚያው ሌሊት፣ 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ የደቡብ መስቀል በትክክል በደቡብ በኩል ከፍተኛ ቦታው ላይ ይቆማል። በአንድ ሌሊት ሁለቱን ማንሳት የሚቻልበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ፊልም ቆጥቦ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የየካቲት ጉድለቱ ጭጋጉ ነው፦ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አቧራውና ከማሳ የሚነሣው ጭስ አድማሱን ያደበዝዘዋል፣ ስለዚህ ከ20 ዲግሪ በታች ባለ ነገር ላይ ፊልም ማባከን አይገባም። በጥር መጨረሻም መጀመር ይቻላል፣ ግን ማዕከሉ ከመንጋቱ በፊት የሚታይበት ጊዜ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

በሁለቱ መካከል ያሉት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ለከዋክብት ፈለግ የተመቹ ናቸው። ሰባቱ ከዋክብት በኅዳር አጋማሽ፣ ኦሪዮን ደግሞ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ገደማ አናት ላይ ይደርሳሉ፤ የሦስትና የአራት ሰዓት ምስል ለማንሳት የሚያስችል ያልተቋረጠ ጥራት የሚገኘው በእነዚህ ወራት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የበልጉ ዝናብ ስላለ ማቀድ ያስቸግራል፣ የጠራ ሌሊት ከተገኘ በደስታ መጠቀም ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ካሜራውን ማደስ፣ ሌንሱን ከሻጋታ ለመጠበቅ ከሲሊካ ጄል ጋር በታሸገ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል።

ጨረቃን መቁጠር

የጨረቃን ዕድሜ ለማወቅ ስልክ ላይ ብዙ መተግበሪያ አለ፤ ነገር ግን ለእቅድ ከሁሉ የሚቀለኝ የሒጅራውን የቀን መቁጠሪያ ከእኛው ጎን ማስቀመጥ ነው። የሒጅራ ወር የሚገባው በአዲስ ጨረቃ ስለሆነ፣ የወሩ የመጨረሻ ሦስትና የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ሁልጊዜ ለሰማይ ፎቶግራፍ የጨለሙ ሌሊቶች ናቸው። በጥቅምትና በየካቲት ውስጥ እነዚህ ቀናት የሚውሉበትን በዓመቱ መጀመሪያ ምልክት ማድረግ፣ የሥራ ፈቃድንም በዚያ ልክ መጠየቅ ይገባል። የአራት ቀን ጨረቃ ለጀማሪ ጥሩ አጋዥ ናት፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ እስክትጠልቅ ድረስ የሐይቁን ዳርና ዛፎቹን በቀስታ ታበራለች፣ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ለከዋክብቱ ጨለማውን ትለቃለች። ሻተሩን ጨረቃዋ ልትጠልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀራት ከፍቶ መቀጠል ከፊት ያለውን መሬትና ሰማዩን በአንድ ምስል ያጣምራል።

ቦታ መምረጥ

ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። በጥቅምት ማዕከሉ የሚጠልቀው በደቡብ ምዕራብ፣ ማለትም በሐይቁ ማዶ ስለሆነ፣ የከተማው ብርሃን ከጀርባ ይቀራል፤ ከመንገድ መብራት ርቆ በከተማው ዳር መሥራት ይቻላል። በየካቲት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከምዕራቡ ዳርቻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ማየት ከተማዋን ፊት ለፊት ማምጣት ነው፤ ስለዚህ ከተማዋን ወደ ሰሜን ትቶ በደቡብ በኩል መውጣት ያስፈልጋል። ወደ ሰሜን ማቅናት አይመከርም፣ የሻሸመኔ ብርሃን እዚያ አለ። ጊዜና መጓጓዣ ያለው የላንጋኖን ወይም የሻላን ዳርቻ ቢመርጥ ትርፉ ብዙ ነው። እጅግ ጨለማና ቀጭን አየር የሚፈልግ ደግሞ 4,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ባሌው ሳነቴ ይውጣ፣ ነገር ግን ለውርጩ ልብስ ይዘጋጅ።

ቦታውን አስቀድሞ በቀን አይቶ፣ ለቀበሌው ወይም ለአካባቢው ጥበቃ ሌሊት ትራይፖድ ይዞ እንደሚቆም መናገር ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። በሐይቁ ዳር ደግሞ ጉማሬዎች አሉ፤ ሌሊት ሣር ሊግጡ ይወጣሉ፣ መንገዳቸውን የዘጋባቸውን አይታገሡም። አንድ ምሽት ደልዳላና ጥሩ እይታ ያለው ቦታ አገኘሁ ብዬ ትራይፖዴን ሳቆም፣ መረቡን ጠቅልሎ የሚመለስ አንድ ዓሣ አስጋሪ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ አትቁም፣ መውጫቸው ነው» አለኝና በባትሪው ብርሃን መሬቱን አሳየኝ፤ ደልዳላ ያልኩት ነገር በእግራቸው የተጠቀጠቀ መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ ቦታ የምመርጠው ከዓሣ አስጋሪዎች ጠይቄ ነው። ለወባ ትንኝ የሚቀባ መድኃኒት ሲጠቀሙ ሌንሱን ከመንካት በፊት እጅን ማጠብም አይረሳ።

ፊልምና የጊዜ ስሌት

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ በሚነሣ የከዋክብት ፈለግ፣ የኮከቡ መስመር ድምቀት የሚወሰነው በሌንሱ ቀዳዳና በፊልሙ ፍጥነት እንጂ ሻተሩ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ አይደለም፤ ኮከቡ በአንዱ የፊልም ቅንጣት ላይ የሚቆየው ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነውና። ጊዜው የሚያረዝመው መስመሩን ነው፤ የሰማዩ ዳራና የከተማው ብርሃን ግን ቦታቸውን ስለማይለቁ በጊዜው ልክ እየተጠራቀሙ ምስሉን ያነጣሉ። ስለዚህ ብዙ ኮከብ ሲፈለግ ቀዳዳውን መክፈት፣ ሰማዩ ሲነጣ ጊዜውን ማሳጠር ነው። በአይኤስኦ (የፊልሙ ፍጥነት መለኪያ) 100 ፊልም ከከተማ በራቀ ቦታ ኤፍ 4 ላይ (ኤፍ የቀዳዳው መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) ሁለት ሰዓት፣ ኤፍ 5.6 ላይ አራት ሰዓት መነሻ ይሁን፤ ከሐዋሳ ዳርቻ ከሆነ ጊዜውን በግማሽ፣ ከዚያም በታች መቀነስ ያስፈልጋል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ የአንድ ሰዓት መስመር በፊልሙ ላይ 13 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ የፊልሙ ክፈፍ 36 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው፣ ምን ያህል ሰዓት ለዓይን እንደሚበቃ ከዚህ ማስላት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊልም በደካማ ብርሃን መዛሉ ነው። የብር ጨው ቅንጣቷ ምስል ለመያዝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጥቂት የብርሃን ቅንጣቶች ሊደርሷት ይገባል፤ ብርሃኑ በጣም ሲሳሳ የመጀመሪያው ምልክት ሁለተኛው ሳይደርስ ይጠፋል። የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ለፊልሞቹ ያወጣው ስሌት ቀላል ነው፦ በብርሃን መለኪያ የተለካውን ሰኮንድ፣ ለኤችፒ5 ፕላስ በ1.31፣ ለኤፍፒ4 ፕላስ በ1.26 ኃይል ማሳደግ። በዚህ መሠረት 60 ሰኮንድ የተለካው ለኤችፒ5 ፕላስ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ 10 ደቂቃ የተለካው ደግሞ ከ70 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ፉጂ አክሮስ 2 እስከ 120 ሰኮንድ ምንም ማካካሻ አይፈልግም፣ ከዚያ እስከ 1,000 ሰኮንድም ግማሽ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ የሚጨምር መለኪያ ነው) ይበቃዋል፤ ለጨረቃ ብርሃን መልክዓ ምድር ከእርሱ የሚሻል አላየሁም። ነገር ግን አክሮስ የቀዩን ብርሃን ጫፍ ስለማይቀበል፣ 656 ናኖሜትር ላይ የሚያበሩትን ቀይ የሃይድሮጅን ደመናዎች አያሳይም። እነርሱን የሚፈልግ እንደ ኮዳክ ኤክታክሮም ኢ100 ያለ ቀዩን የሚይዝ የስላይድ ፊልም ይጠቀም፤ ግን የስላይድ ማጠቢያ የሆነውን ኢ-6 የሚሠራ ሰው ሳያገኝ ፊልሙን አይግዛ።

ሰማዩን የሚከተል ጣውላ

ከዋክብቱ መስመር ሳይሆኑ ነጥብ ሆነው እንዲወጡ የሚፈልግ ሰው፣ ያለ መከተያ የሚፈቀድለት ጊዜ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲያካፍል የሚያገኘው ሰኮንድ ነው፦ ለ28 ሚሊሜትር 18 ሰኮንድ ገደማ፣ ለ50 ሚሊሜትር 10 ሰኮንድ። ይህ ለፊልም በጣም ያንሳል። መፍትሔው ማንኛውም አናጺ የሚሠራው፣ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ጣውላዎች ነው። በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር የሚሄድ ስድስት ቁጥር ብሎን፣ ከማጠፊያው መሀል 228 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ከታች ወደ ላይ ይገባል፤ ብሎኑ በደቂቃ አንድ ዙር ከተሽከረከረ ካሜራውን የተሸከመው የላይኛው ጣውላ በሰማዩ ፍጥነት ይከፈታል። በእጅ ሲሆን በየ15 ሰኮንዱ ሩብ ዙር ማዞር ይበቃል። ማጠፊያው በግራ፣ ብሎኑ በቀኝ ሆኖ ፊትን ወደ ሰሜን አዙሮ መቆም ያስፈልጋል።

በአውሮፓ ይህ ማጠፊያ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይቆማል፤ በሐዋሳ ግን 7 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሣ የተኛ ያህል ነው። የሰሜን ኮከብ ብዙውን ጊዜ በጭጋግ ስለሚሸፈን፣ ዘንበሉን በስልኩ የማዘንበያ መለኪያ 7 ዲግሪ ማድረግ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ መያዝ ይበቃል። በ28 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ለ10 ደቂቃ፣ የአንድ ዲግሪ ስህተት ፊልሙ ላይ ከሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። አይኤስኦ 400 ፊልም ከሆነ በኤፍ 2.8 አንዱን 5፣ አንዱን 10፣ ሌላውን 15 ደቂቃ ማንሳትና ውጤቱን መዝግቦ መያዝ፣ ለዚያ ቦታ የሚሆነውን ጊዜ ለዘለቄታው ያስተምራል።

የዕለቱን አየር መመርመር

ቀኑ ሲደርስ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ማየት መጀመሪያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በየ15 ደቂቃው የሚታደሱትን የሜቴኦሳት የሳተላይት ምስሎች መከታተል ይገባል። በምሥራቁ ደጋ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚከመረው ደመና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብዙ ጊዜ ይበተናል፤ ስለዚህ በ11 ሰዓት ደመና አየሁ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እኔ የምከተለው ደንብ፣ ሻተሩ ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት የማነሣው አቅጣጫ በምስሎቹ ላይ ጥርት ብሎ ካልቆየ አለመጀመር ነው። አምስት ደቂቃ የምታልፍ ደመና በአንድ ሰዓት ፈለግ ላይ ክፍተት ትተዋለች፤ ፊልም ላይ ክፍተቱን የሚሞላ ነገር የለም።

የአየሩን ጥራት ለመለካት ሰባቱን ከዋክብት በዓይን መቁጠር ጥሩ መፈተኛ ነው፦ ስድስቱ በግልጽ ከታዩ ሌሊቱ መልካም ነው፣ አራት ብቻ ከታዩ ጭጋግ አለ። ከጭጋጉ ይልቅ ግን በሐይቁ ዳር የሚያሸንፈን ጤዛ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት መስታወቱ ሳይታወቅ ይረጥባል፣ ከዋክብቱም ቀስ በቀስ እየደበዘዙ መስመራቸው መሀል ላይ ይጠፋል። ሙቅ ውሃ የተሞላ ትንሽ ጠርሙስ በካልሲ ውስጥ አድርጎ ከሌንሱ በርሜል ጎን ማሰር፣ ከፊት ለፊቱም ከጥቁር ካርቶን ረዘም ያለ ጥላ ማድረግ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆያል፤ በፓወር ባንክ የሚሠራ የሌንስ ማሞቂያ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ያርፋል።

በቦታው ላይ

ባትሪ የማያስፈልገው መካኒካል ካሜራ፣ ለምሳሌ ፔንታክስ ኬ1000 ወይም ኒኮን ኤፍኤም2፣ ለዚህ ሥራ ከዘመናዊው ይሻላል፤ የኤሌክትሮኒክስ ሻተር ተከፍቶ ሲቆይ ባትሪ ይጨርሳል። ሻተሩ «ቢ» (ቁልፉ እስኪለቀቅ ሻተሩን ከፍቶ የሚያቆየው ምልክት) ላይ ይደረግ፣ መቆለፊያ ያለው የገመድ መልቀቂያ ይታሰር፣ ትኩረቱ ወደ መጨረሻው ርቀት ምልክት ተዞሮ በፕላስተር ይለጠፍ። የመጀመሪያውን ክፈፍ ገና በቀን ብርሃን ማንሳት አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ። ከዚያ ቦርሳውን ከትራይፖዱ መሀል ሰቅሎ ማክበድ፣ ሌንሱን በጥቁር ካርቶን ጋርዶ ሻተሩን መክፈት፣ መንቀጥቀጡ እስኪቆም አሥር ሰኮንድ ጠብቆ ካርቶኑን ማንሳት ነው። ሲዘጋም መጀመሪያ ካርቶኑ፣ ቀጥሎ ሻተሩ። የጀልባ መብራት ወደ ምስሉ ሲገባ ወይም መኪና ሲመጣ በዚያው ካርቶን መጋረድ ይቻላል፤ የጥቂት ሰኮንድ ክፍተት በሰፊ ሌንስ ላይ አይታይም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ ቀዳዳው፣ የሰባቱ ከዋክብት ቆጠራና የጤዛው ሁኔታ እዚያው በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ፣ ለማየትም ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ ይሁን።

ወደ እጥበት

የተነሣ ፊልም በሙቀት መክረም ስለማይወድ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ እስከዚያው በታሸገ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሲወጣም ከመከፈቱ በፊት ሁለት ሰዓት ይሙቅ። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ፊልሙ በእጅ እንዲፈተሽ ይጠይቅ፤ በተለይ አይኤስኦ 800ና ከዚያ በላይ የሆነውን የኤክስሬይ መፈተሻው ይጎዳዋል።

ፎቶ ቤት ለሚሰጥ ሰው ያለኝ የመጨረሻ ማሳሰቢያ የከፈልኩበት ነው። የሌሊት ሰማይ ኔጌቲቭ ላይ ዳራው ባዶ ስለሚመስል ቆራጩ የክፈፉን ጠርዝ አያገኘውም። የጥር ወር የአራት ሰዓት የኦሪዮን ፈለጌ እንዲህ ለሁለት ተቆርጦ በፖስታ ተመልሶልኛል፤ መቀሱ ያለፈው በቀበቶው በኩል ነበር። የቀን ብርሃኑ የመጀመሪያ ክፈፍ ቆራጩ ከየት እንደሚቆጥር ያሳየዋል፤ ያም ሆኖ በፊልሙ ቆርቆሮ ላይ በወፍራም ብዕር «አይቆረጥ፣ ጥቅሉን እንዳለ ይመለስ» ብሎ መጻፍ፣ ሲረከቡም በቃል መድገም ያስፈልጋል።